ቅዳሜ የለሁም

ሃምሳን ካለፈች ቆይታለች፤ ቤተሰቡ ግን ዛሬም «ትንሿ» ነው የሚላት። የመጨረሻ ልጅ ስለሆነች ወጣላት፣ በዚያው ቀረ። ሥራዋ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው። ከጥርስ ሐኪሙ ክፍል ጀርባ፣ መስኮቷ ግድግዳ ብቻ የሚያሳይ ጠባብ ክፍል አለቻት። እዚያ ተቀምጣ ሰም ታቀልጣለች፣ ቅርጽ ታወጣለች፣ ትሞርዳለች፣ ታለሰልሳለች። ነጭ ሁሉ አንድ ነጭ አይደለም፤ የአጫሽ ነጭ አለ፣ ሻይ የሚያበዛ ሰው ነጭ አለ። አዲሱ ጥርስ ከጎረቤቱ ጋር እንዳይጣላ በመስኮቱ ብርሃን እያገላበጠች ስታመሳስል ትውላለች። የእሷን ጥርስ ያደረጉ ሰዎች መንገድ ላይ እየሳቁ ያልፏታል፤ አያውቋትም።

የምትኖረው ከታላቅ እህቷና ከእህቷ ባል ጋር፣ እናታቸው ትተውት በሄዱት ቤት ነው። እናትየው አልጋ ላይ በዋሉባቸው ዓመታት ታላቅ ወንድሟ ሥራ ይበዛበት ነበር፣ እህቷ ልጆች ነበሯት። ትንሿ ግን ባልም ልጅም ስለሌላት «እሷ ምን አለባት» ተባለ። ቅዳሜና እሁድ ማጠቡም፣ ማጉረሱም፣ ማገላበጡም እሷ ላይ ወደቀ። አልከፋትም፤ እናቷን ትወድ ነበር። እናትየው ካረፉ በኋላ ግን እህቷ የልጅ ልጆቿን ቅዳሜ ጠዋት ከልጇ እየተቀበለች ለትንሿ ታስረክብና ወደ ወዳጆቿ ትሄድ ጀመር። ትችያለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት የለም። አሁንም እሷ ምን አለባት።

ካሜራው የመጣው በአጋጣሚ ነው። ሐኪሙ የታካሚዎቹን ጥርስ ያነሳበት የነበረውን አሮጌ ካሜራ በአዲስ ተካና፣ ከፈለገችው እንድትወስደው፣ ካልሆነ እንደሚጥለው ነገራት። መጀመሪያ ያነሳችው ያንኑ የመስኮቷን ግድግዳ ነው። ቀጥላ ወደ ቤት ስትመለስ የመንገዱን ዛፎች አነሳች። ቅጠል ሊረግፍ የተቃረበበት ወቅት ነበር። አንዱ ዛፍ ብቻውን ቢጫም፣ ብርቱካናማም፣ የዛገ ብረት የመሰለ ቀይም ይዟል። ዕድሜዋን ሙሉ ነጭን ከነጭ ስትለይ ለኖረች ሴት ይህ ከአቅም በላይ ነበር። ዓይኗ ተራበ።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ደን ውስጥ፣ ፏፏቴ እንዳለ የነገራት የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ቅዳሜ ጠዋት እህቷ ልጆቹን በሁለት እጇ ይዛ ሳሎን ስትገባ፣ ትንሿ የዝናብ ልብሷን ለብሳ፣ ካሜራውን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በር ላይ ቆማ አገኘቻት።

«ቅዳሜ የለሁም፣ እታለም» አለቻት።

እህቷ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ትንሿ በሩን ዘግታ ወጣች።

ያን ቀን የረባ ፎቶ አላገኘችም። ፏፏቴው የሚረጨው ጭጋግ ሌንሱን አልብሶት ሁሉም ነጭ ሆኖ ወጣ። ነጭ ደግሞ ሰልችቷታል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጨርቅና ጃንጥላ ይዛ ተመለሰች፤ ከዚያ በኋላ ማን ይመልሳት። ፎቶ የሚያትምላት ሰው፣ ካሜራው ዓይኑን ገልጦ እንዲቆይ ብታደርግ ውሃው እንደ ሐር ለስልሶ እንደሚወጣ፣ ሰውም የሚወደው እንዲያ ያለውን እንደሆነ መከራት። ሞከረችው፤ አልወደደችውም። እሷ ያየችው ውሃ ድንጋይ ላይ ራሱን እየፈጠፈጠ የሚጮህ ነው። ማለስለሱንማ ሳምንቱን ሙሉ ስትሠራው ትከርማለች።

ቤት ውስጥ የእህቷ ባል «ውሃ ቀጂዋ» የሚል ስም አወጣላት። እህቷ ለጎረቤት፣ ልጅ ጠብቂ ብትባል ቅጠል ልትጠብቅ ሄደች እያለች ታማት ነበር። ትንሿ ይህን ሁሉ ትሰማለች። ቅዳሜ ሲደርስ ትወጣለች።

ዓመት ዞሮ ቅጠሉ እንደገና ሲቀላ፣ ከፏፏቴው ሥር ያለ ድንጋይ ላይ ስትወጣ የበቀለበት አረንጓዴ ነገር አንሸራተታት። ካሜራውን ወደ ላይ አንስታ ስለወደቀች ካሜራው ተረፈ፤ ክብደቷ ያረፈበት ቀኝ እጇ ግን ከአንጓው ተሰበረ። የአካባቢው ጥበቃ ጎትቶ አወጣትና እጇን በአንገት ልብሱ አሰረላት። መኪና እስኪመጣ ድረስ እሷ የምታስጨንቀው ሌንሱ ተሰንጥቆ እንደሆነ እንዲያይላት ነበር።

በነጋታው ወንድሟ መጣ፤ ሳሎን ውስጥ ተሰበሰቡ። እሷ ሐኪም ቤት ሳለች እህቷ ካሜራውን ወስዳ የራሷ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች። ወንድሟ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ በዚህ ዕድሜ ገደል ለገደል መንከራተት እንደማያምር፣ የምትኖረው በእጇ ሥራ እንደሆነ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ማብቃት እንዳለበት ረጋ ብሎ አስረዳ። የእህቷ ባል ራሱን ነቀነቀ።

«ቁልፉን ስጪኝ፣ እታለም» አለች ትንሿ።

«ለራስሽ ብዬ ነው። ሞተሽ ቢሆንስ ኖሮ?»

«እሞታለኋ። እማዬን ሳገላብጥ ወገቤ ሲቆረጥ፣ አጥንትሽን ጠብቂ ያለኝ ሰው የለም። ዕድሜሽ ስንት ነው ያለኝም የለም። አጥንቴ ትዝ ያላችሁ ለራሴ ስሄድ ስለተሰበረ ነው።»

እህቷ እንባዋን ጠረገች፤ ቁልፉን ግን አልሰጠችም።

ትንሿ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባችና ካቻቢቴ ይዛ ተመለሰች። አልፋቸው ወደ እህቷ መኝታ ቤት ገባች። ተከትለዋት መጥተው በር ላይ ቆሙ። በግራ እጇ የቁም ሳጥኑን ማጠፊያ ብሎኖች አንድ በአንድ ትፈታ ጀመር። ግራ እጇ አልለመደም፤ ካቻቢቴው ደጋግሞ ያመልጣታል፤ ታነሳዋለች። የረዳት የለም፤ የከለከላትም የለም። በሩ ሲላቀቅ በትከሻዋ ደግፋ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። ካሜራውን አንገቷ ላይ አጠለቀች፣ ብሎኖቹን ሰብስባ እህቷ መዳፍ ላይ አኖረችላት፤ ወደ ክፍሏም ገባች።

እጇ እስኪድን ብትጠብቅ ቅጠሉ ያልቃል። ስለዚህ ቅዳሜ ጄሶውን በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልላ አውቶቡስ ተሳፈረች።

ጥበቃው ከሩቅ ሲያያት ከመቀመጫው ተነሳ። «ደግሞ መጡ?»

«አልጨረስኩማ።»

ከአጥሩ ወዲህ ሆና እንድታነሳ ለመናት። አመስግናው፣ አጥሩን አልፋ ያንኑ ድንጋይ በቂጧ እየተንፏቀቀች ወጣችበት። ቀሚሷ ራሰ፤ ጥርሷ ተንቀጫቀጨ። የካሜራው መጫኛ ቁልፍ በቀኝ በኩል ስለሆነ በግራ እጅ አልመች አላት። ቆይታ ቆይታ ካሜራውን ገለበጠችው፤ ሥሩን ወደ ላይ፣ ራሱን ወደ ታች አድርጋ በግራ አውራ ጣቷ ተጫነችው። ውሃው ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ሲፈነዳ፣ ከበላዩ ደግሞ ቅጠሉ የቀላ ዛፍ ሲንጠለጠል አገኘችው። እዚያው ተቀምጣ ብቻዋን ሳቀች። ጥበቃው ያመማት መስሎት ሮጦ መጣ።

እጇ ዳነ፤ አንጓው ግን እንደ ድሮው ሙሉ አይዞርም። መቀመጫዋን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ ክንዷን ጠረጴዛ ላይ አስደግፋ መሞረድ ለመደች። ልጆቹን ቅዳሜ ቅዳሜ እህቷ ራሷ ትይዛቸው ጀመር፤ ስትማረር ለጎረቤት ሁሉ ይሰማል።

በዓመቱ እህቷ አንድ ቀን አብሬሽ ልሂድ አለች። ጥሩ ጫማዋን አድርጋ፣ የእጅ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ከአጥሩ ወዲህ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ውሃውን ትንሽ አየችው።

«ይሄው ነው?»

«ይሄው ነው» አለች ትንሿ።

እህቷ በርዶኛል ብላ አውቶቡሱ ውስጥ ጠበቀቻት። ሲመለሱ ስለ ሌላ ስለ ሌላው ተጫወቱ። ዳግመኛ ልምጣ አላለችም፤ ወዴት ነው ብላ መጠየቋንም ተወች።

ትንሿ በቅርቡ ከወንዙ ማዶ ሌላ ፏፏቴ እንዳለ ሰምታለች። መንገዱ ቁልቁለት ነው፣ መያዣም የለውም ብለው ነግረዋታል። ለማንም አልተናገረችም። የማያንሸራትት ጫማ ግን ገዝታለች።