ቁስሌ ላይ የነሰነስኩት ዱቄት

በ1996 ዓ.ም. የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ነበርኩ። ቄራ አጠገብ ባለ ሥጋ ቤት ሥጋ ቆራጭ ነኝ። ፊደል እምብዛም አልቆጠርኩም፤ ቢላዋ ግን አውቃለሁ።

አንድ ቀን ጎድን ስለይ ቢላዋው አውራ ጣቴን ቆረጠኝ። እኛ ለዚህ ሐኪም ቤት አንሄድም። የቴትራሳይክሊን ፍሬ ፈልቅቀን፣ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ነስንሰን፣ በጨርቅ አስረን ሥራ ነው። ጉሮሮ ሲያመንም ሁለት ፍሬ ውጠን፣ ሻል ሲለን የተረፈውን ለሚቀጥለው በሽተኛ መሳቢያ ውስጥ እናኖራለን። እንደ ልማዴ ነሰነስኩ። በሦስተኛው ቀን እጄ እስከ ክርኔ አብጦ ቀላ፤ ቢላዋ መጨበጥ አቃተኝ።

ካዛንቺስ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሟ የልጄ እኩያ ናት። መግሉን በጥጥ ወሰደችና የፔኒሲሊን መርፌ አዘዘችልኝ፤ በቀን አንድ፣ እስከ አሥር ቀን።

«አባባ፣ ቢሻልዎትም እንዳያቋርጡ። ካገረሸ እጅዎን ሊያሳጣዎት ይችላል።»

«ያ ዱቄት ሠላሳ ዓመት አድኖኛል!» አልኳት።

የመጀመሪያዋን መርፌ አስወጋችኝ። በአራተኛው ቀን ግን ላቦራቶሪ አስገብታ ቀይ ነገር የተኛበት ክብ ሳህን አሳየችኝ።

«ይሄማ ደም ነው» አልኩ።

«የበግ ደም አለበት። ከቁስልዎ የወጣውን ተህዋስ ዘርተንበት ነው።»

መድኃኒት ውስጥ የተነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ተቀምጠውበታል። በፔኒሲሊኑ ዙሪያ ምንም አልበቀለም። በእኔ ቴትራሳይክሊን ዙሪያ ግን ተህዋሱ ወረቀቱ ጫፍ ድረስ ገጥሞ በቅሏል።

«ምን ሆኖ ነው የማይሞተው?»

«ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም፣ አባባ። ሲባዙ አንዳንዱ ተለይቶ ይወጣል። መድኃኒቱ ሌላውን ሲፈጅ እሱ ይተርፍና ለዘሩ ያወርሳል።»

ይሄ ገባኝ። ከአንዲት በግ ከተወለዱ መንታ ግልገሎች አንዱን በሽታ ሲጥለው ሌላው ሣሩን ይግጣል። እኛ ለካ ይሄን ሁሉ ዓመት ደካማውን እየጨረስን ብርቱውን ስናረባ ኖረናል።

በስድስተኛው ቀን እብጠቱ ጎደለ፣ ጣቴም ታጠፈ። ከመርፌ መልስ ሥጋ ቤት ብቅ አልኩ። ባለቤቱ እኩያዬ ነው፤ እጄን አየና ጮኸ።

«አንተ ሽማግሌ፣ ድነሃል እኮ! ነገ ቅበላ ነው፣ ገና ሳይነጋ ነው የሚሰለፉት። በጠዋት ና።»

«ጠዋት መርፌ አለብኝ። ወረፋው እስከ ቀትር ይይዘኛል። አራት ይቀረኛል።»

«የዳነ ሰው ይወጋል እንዴ? ነርሷን ወደሃት ነው በቃ!»

ቆራጮቹ ሁሉ ሳቁብኝ።

«ሳቁ» አልኳቸው። «መሳቢያችሁ ውስጥ ያለውን ዱቄት ተህዋሱ ከናቀው ቆይቷል።»

«ነገ ካልመጣህ ቦታህን ሌላ ሰው ይይዘዋል» አለ ባለቤቱ፣ አሁን ሳይስቅ።

«ይያዘዋ! እጅ ከሌለኝ ቦታው ምን ይሠራልኛል?»

በማግስቱ ጠዋት ሥጋ ቤቱ ደጅ በተሰለፈው ሰው ፊት ለፊት አልፌ፣ በእግሬ ካዛንቺስ ወጣሁና ሱሪዬን ዝቅ አድርጌ ሰባተኛዋን ተወጋሁ።