የወሰን ምስክር

መጋዘኑ ቀድሞ የማዳበሪያ ነበር። በሩ ተከፍቶ ወደ ውስጥ ስንገፈተር መጀመሪያ የተቀበለን ሽታው ነው፤ ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይከረክራል። እዚያ የቆዩት እስረኞች ለምደውት ኖሮ በሳላችን ሳቁ። ከእኔ ጋር የገቡት አዛውንት ግን ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ሰው ቤት እንደገባ እንግዳ፣ "እንደምን አላችሁ?" አሉ። ሳቁ ቆመ፤ አንዱም ተነስቶ ቦታ ለቀቀላቸው።

የተያዝነው አብረን ነው፣ ከይጁቤ ወጣ ብሎ ካለ እርሻ ላይ። እኔ መሬት ለኪ ነኝ። የሁለት ወንድማማቾችን የውርስ መሬት ወሰን ለይቼ ምልክት ላደርግ ሄጄ፣ አቅጣጫውን በኮምፓስ፣ ርቀቱን በሌዘር እየወሰድሁ ነበር። አዛውንቱ የአካባቢው የወሰን ምስክር ናቸው። በእኛ አገር የመለኪያ መሣሪያ ከመነሳቱ በፊት የድሮውን ወሰን የሚያውቅ ሽማግሌ ተጠርቶ በእግሩ እየሄደ ያሳያል። ሁለቱም ወገኖች "እሱ ካለ ይሁን" የሚሉት ሰው መሆን አለበት፤ እሳቸው እንዲያ ዓይነት ሰው ነበሩ።

ወንድማማቾቹ ምሳ ሊያመጡ ስለሄዱ ተረፉ። አዛውንቱ የመለኪያ ዘንጉን ይዘውልኝ ከእርሻው ዳር ካለ ጉብታ ሥር ቆመዋል። ጉብታው ላይ ለካስ የታጠቁ ሰዎች ሰፍረዋል። ከወዲያ ሆኖ ለሚያይ፣ መሣሪያ ዓይኑ ላይ ደግኖ ወደ እነሱ የሚያነጣጥር ሰው ነበርሁ። ላስረዳ አፌን ስከፍት በጥፊ ተዘጋ።

አዛውንቱን ያስጨነቃቸው እስሩ አልነበረም። ባለቤታቸው ታመው ተኝተዋል፤ ልጅ የላቸውም። ጠዋት ውኃ አጠገባቸው አኑረው፣ "ለምሳ እደርሳለሁ" ብለዋቸው ነው የወጡት።

"ጎረቤት ይደርስላቸዋል" አልኳቸው።

"ጎረቤትማ ይደርሳል። እሷ ግን ከእኔ እጅ ካልሆነ አትጎርስም።"

ጥቂት ቀናት ቆይቶ ሁለታችንንም የታጣቂዎቹ አዛዥ ዘንድ ወሰዱን። ኮምፓሴና ሌዘሬ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠዋል። አዛዡ እኔን ቀና ብሎም አላየኝ። ለእሳቸው ወንበር አስመጣላቸው።

"አባቴ፣ እርስዎን የሚፈልግ የለም" አላቸው። "ይህ ሰው ሠፈሩን ሲያነጣጥር አይቻለሁ ይበሉ። በስልክ እንቀርጽዎና ወደ ቤትዎ ይገባሉ።"

"ዛሬ?"

"አሁን። መኪና በዚያው በኩል ይሄዳል።"

አንገቴን ደፋሁ። ይበሉ እንዳልላቸው ለነፍሴ ፈራሁ፤ አይበሉ እንዳልላቸው አልጋ ላይ ያሉት ባለቤታቸው መጡብኝ። አዛውንቱ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

"ልጄ፣ ባለቤቴ ታማለች። መሄዱን ማን ይጠላል" አሉ በመጨረሻ። "ግን እኔ ወሰን መስካሪ ነኝ። ዛሬ ያላየሁትን አየሁ ካልሁ፣ እስከ ዛሬ 'እዚህ ነው' ያልሁት ሁሉ ይፈርሳል። ተስማምቶ የሚያርሰው ጎረቤት ሁሉ እንደገና ይጣላል። እኔ ያየሁት ወሰን ሲለካ ነው።"

"እንግዲያው እዚሁ ይቀመጣሉ።"

"ምን አደርጋለሁ፤ እቀመጣለሁ።"

ወደ መጋዘኑ ስንመለስ ክንዳቸውን ይዤ፣ "በእኔ ምክንያት..." ብዬ ስጀምር አላስጨረሱኝም። "በአንተ አይደለም" አሉኝ፤ ቆጣ ብለው።

ባለቤታቸው ማረፋቸውን የነገረችን ለሌላ እስረኛ ስንቅ የምታመጣ የአገራቸው ሴት ናት። ከተቀበሩ ሰንብተዋል። እስረኞቹ ግድግዳው ሥር ያለውን ቦታ አስለቅቀው ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ አነጠፉላቸውና ለቅሶ ተቀመጥን። ሁሉም በየተራ እየቀረበ "እግዜር ያጥናዎ" ይላቸዋል። እሳቸውም ለእያንዳንዱ፣ በቤታቸው እንደሚያደርጉት፣ ከመቀመጫቸው ብድግ ይላሉ። ወደ ማምሻው አዛዡ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ሰምቶ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እግዜር ያጥናዎ" አለ። ለእሱም ተነሱለት። እኔ ያን ማየት አልቻልሁም፤ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ።

በኋላ ሁለታችንንም ፈቱን። ለምን እንደያዙን በወጉ እንዳልነገሩን ሁሉ ለምን እንደለቀቁንም አልነገሩንም።

ዛሬም የምሠራው ያንኑ ሥራ ነው። በቅርቡ እዚያው አካባቢ ሁለት ጎረቤታሞች በወሰን ተካሰው ስሄድ፣ ሁለቱም እሳቸው ካልመጡ አይለካም አሉ። በባጃጅ ሄጄ አመጣኋቸው። ደክመዋል፤ ዱላቸውን ተደግፈው እያረፉ ነው የሄዱት። "እዚህ ነው" ሲሉ ከሁለቱም ወገን የተቃወመ የለም። ያ ቃል ምን እንዳስከፈላቸው ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል የማውቀው እኔ ነበርሁ። ተጸጽተው ያውቁ እንደሆን ልጠይቃቸው ስንት ጊዜ አስቤያለሁ። አዎ ቢሉኝ ግን አልችለውም።

ስንመለስ ባለቤታቸው የተቀበሩበት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ባጃጁን አስቆሙት።

"አንድ ጊዜ ጠብቀኝ" አሉኝ፣ ዱላቸውን እየፈለጉ። "ቆየሁባት።"