ሚስቴ የምትቀምሰውን ፍለጋ

በደርግ ጊዜ ደባርቅ ውስጥ ጥሩ ምግብ እንደ ጎረምሳ ተደብቆ ነበር የሚኖረው። ጎረምሳው አፈሳን ይፈራል፣ ምግቡ ደግሞ የቀበሌን ዓይን። መንገድ ዳር ያሉት ምግብ ቤቶች የሚሠሩት ለወታደርና ለሾፌር ነው፤ ወጡ ቀጭን፣ እንጀራው የኮመጠጠ፣ አስተናጋጁ የተቆጣ። የሚበላ ነገር የፈለገ ሰው ጓሮ ለጓሮ ይሄዳል። እኔ እህልና ቆዳ ነጋዴ ነኝ፤ የከተማዋን በር ሁሉ አውቃለሁ ብዬ እመካ ነበር። ግማሹን እንኳ እንደማላውቅ የገባኝ ሚስቴ እህል እንቢ ያለች ጊዜ ነው።

ልጃችን ክርስትና ሳትነሣ ሞታ ነበር። ለሴት ልጅ ሰማንያ ቀን ይጠበቃል፤ እሷ አልጠበቀችም። ሊነጋጋ ሲል ትንፋሿ ይቆራረጥ ጀመር። የነፍስ አባታችንን ቀስቅሼ አብረን እየሮጥን ስንደርስ እናቷ አቅፋት ተቀምጣለች። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናታለች። ላልተጠመቀ ፍትሐት የለም፣ ተዝካርም የለም። ጎረቤቱም እንደ ወጉ ለቅሶ አይቀመጥም፤ “ገና ልጆች ናችሁ፣ እግዜር ይተካላችኋል” ይልና ወደ ሥራው ይሄዳል። ሚስቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ውሃ ስሰጣት ትጠጣለች። እህል ግን አፏ አይገባም።

ተሸክሜ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ድሬሰሩ ዓይኗንም ምላሷንም አየና፣ “መድኃኒት የለንም፤ ቢኖርም ለዚህ የሚሆን አይደለም። አብላት” አለኝ።

“አልበላ ብትል አይደል ያመጣኋት?”

“እንግዲያው የምትወደውን አብላት።”

ይህን ማዘዣ ይዤ ነው የገዛ ከተማዬን ማሰስ የጀመርኩት።

ከከብት ገበያው ጀርባ ስልጆ የምትሠራ ሴት እንዳለች የነገረኝ አንድ የጭነት መኪና ረዳት ነው። ስንት ዓመት በደጇ ሳልፍ ኖሬያለሁ። ምልክት የላትም፤ በሩም የዶሮ ቤት በር ይመስላል። አንኳኳሁ።

“ማነው?”

“ዘመድ ነኝ።” እንዲህ በል ተብያለሁ።

“በየት በኩል?”

“በስልጆው በኩል።”

“እሱማ ሰፊ ዘር ነው፤ ግባ” አለችና ከፈተች። ባቄላው በሰናፍጭ ተመትቶ፣ ቦክቶ፣ ሽታው ብቻ አፍንጫ ያስለቅሳል። እኔ እዚያው ቆሜ ሁለት ጊዜ በእንጀራ አጠቀስኩና ሳላስበው ሳቅሁ፤ ከልጄ ሞት ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። ለሚስቴ በሣህን ይዤላት ሄድኩ። አሸተተችው። “ጥሩ ነው” አለችና መልሳ ዞረች።

ሌላ ቀን ደባት ወረድኩ። እዚያ ከወፍጮ ቤቱ በስተጀርባ በኮባ የሚጋገር የስንዴ ድፎ አለ፤ ሲቆረስ እንፋሎቱ ፊት ያጥባል። አንድ ሙሉ ገዝቼ በእህል መኪና ላይ ተሳፈርኩ። ኬላው ላይ ጠባቂው ፈታውና አየው።

“ይሄ ለማን ነው?”

“ለታመመች ሚስቴ።”

“በሽተኛ ይሄን ሁሉ ትበላለች?”

“ቢሆንልኝማ እሰየው ነበር።”

“መፈተሽ አለበት” አለ። ፍተሻው ጥልቅ ነበር፤ ግማሹ አለቀ። የተረፈውን ትራሷ አጠገብ አኖርኩት። ሲደርቅ አነሣሁት።

በየጓሮው የማር ጠጅ አገኘሁ፣ የበግ መረቅ አገኘሁ፣ በልቼ የማላውቀው ዓይነት ገንፎ አገኘሁ። ከተማዬ እንዲህ ያለች ባለሙያ መሆኗን ያወቅሁት ቤቴ ውስጥ ሰው በረሃብ ሊሞትብኝ ሲል ነው። እጇን ስይዘው አጥንቱ እንደ ማገዶ ጭራሮ ይቆጠር ጀመር። ሲነጋ መጀመሪያ የማደርገው ነገር ትንፋሿን ማዳመጥ ሆነ።

በዚህ መሐል አንዲት ባሏ የሞተባት ሀብታም ሴት ተዝካር ደገሠች። እንደዚያ ያለ ወጥ ደባርቅ ከረሳችው ቆይታለች። በልቼ እንደጨረስኩ ወደ ድንኳኑ ጓሮ ዞርኩና ሴትዮዋን አገኘኋት። ልማድ ሆኖብኝ፣ “እመቤቴ፣ ለታመመች ሚስቴ ትንሽ ብወስድ ስንት ልክፈል?” አልኳት።

ማንኪያዋን እንደያዘች ቀና አለች። “አንተ ሰው፣ የባሌን ነፍስ በኪሎ ልትገዛ ነው?”

ወጥ ቤቶቹ ሁሉ ሳቁ። እሷ ግን ድስት ሙሉ ሞላችልኝና፣ “ነፍስ ይማር ብላ ትብላው፤ ሒሳቡ እሱ ነው” አለችኝ።

ለሚስቴ እንደዚያው ነገርኳት። ተነሥታ ተቀመጠች። እንጀራውን ቆረሰች፣ ወጡን አጠቀሰች። “ነፍስ ይማር” አለችና እጇ አፏ ዘንድ ሳይደርስ ቆመ።

“ለኔ ልጅ ነፍስ ይማር ብሎ የበላ አለ?”

ጉርሻውን መልሳ አስቀመጠችው።

በማግሥቱ የነፍስ አባታችን ዘንድ ሄድኩ። ከቅጽሩ ጥግ ተቀምጠው ነበር።

“አባ፣ ሚስቴ ልትሞትብኝ ነው። ለልጅቱ ተዝካር ይፍቀዱልኝ።”

“ሥርዓቱን ታውቃለህ ልጄ። ላልተጠመቀ የለንም።” ያን ንጋት አብረውኝ እንደሮጡ እሳቸውም አልረሱትም። “ነዳይ ለማብላት ግን ሥርዓት አይጠየቅም። የተራበ ሰው ለምን አበላኸኝ ብሎ አይከስህም፤ ቀበሌው ካልከሰሰህ በቀር።”

ጎረቤት ብጠራ የምን ድግስ ነው ትለኛለች። ስለዚህ እንጀራውን ገዛሁ፣ ሽሮውን ራሴ ሠራሁት። ወንድ ልጅ ጓዳ ገብቶ ድስት ሲያማስል የታየ እንደሆነ በኛ አገር እስከ ልጅ ልጁ ይተረብበታል፤ በሩን ቀርቅሬ ነው የሠራሁት። ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሄጄ ነዳያኑን ይዤ መጣሁ። ግቢው ውስጥ ትሪውን ከበው ተቀመጡ። እጃቸውን ዘርግተው ሳለ አንደኛው፣ ሸምገል ያሉት፣ ቀና አሉ።

“ጌታው፣ ለማን ነፍስ ነው?”

“ለልጄ።”

“ስመ ክርስትናዋን ማን እንበል?”

ይህን አላሰብኩትም። ያልተጠመቀች ልጅ ምን ስመ ክርስትና አላት? የለም ብላቸው እጃቸውን የሚሰበስቡ መሰለኝ። እጆቹ ከትሪው በላይ እንደተንጠለጠሉ ይጠብቃሉ።

ያኔ ሚስቴ በሩን ተደግፋ ቆማ አየኋት። ድምጿ ቀጭን ነበር፤ ግን ሁሉም ሰሙት። አንድ ስም ተናገረች። የልጃችን አልነበረም። የራሷ ስመ ክርስትና ነው።

“ነፍሷን ይማር!” አሉ ሽማግሌው። “በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ አጠገብ ያኑራት!” ሌሎቹም በሚስቴ ስም ተቀበሏቸው።

“ኧረ ይቺ እኮ ገና—” ብዬ ተነሣሁ።

“ዝም በል” አለችኝ። “ይብሉበት።”

ግድግዳውን እየያዘች መጥታ ከመሐላቸው ተቀመጠች። ነፍስ ይማር ያሉላት እሷ መሆኗን አላወቁም፤ ቆማ መሄድ ያቃታትን ሴት ያየ ምን ይላል? ከነሱ እንደ አንዷ ቆጠሯትና ጠጋ ጠጋ አሉላት። ሽማግሌው እንጀራ ቆርሰው ሰጧት።

“እንኪ ልጄ። ነፍስ ይማር በይና ብይ።”

“ነፍስ ይማር” አለች። ጎረሰች። ብዙ አላመጠች፤ ዋጠች።

“ሽሮውን ማነው የሠራው?”

“እኔ ነኝ።”

“ያስታውቃል” አለችና ሁለተኛውን ቆረሰች።

እኔ እጇን እንጂ ፊቷን ለማየት አልደፈርኩም። ያ ስም ከአፏ ሲወጣ ሰምቻለሁና፣ ስትበላ ሳያት ደስ ይበለኝ ወይስ ልፍራ አላወቅሁም። ሽማግሌው ትሪውን አሳይተው “ይጨመርልን” አሉ። ጨመርኩ።