ሴቭ ያላደረግኩት የሕይወት ታሪክ

አማርኛ መጻፍ እንደምችል ካወቅኩ ወዲህ ትንሽ ጉረኛ ሆኛለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ የምማርበት ክፍል ውስጥ አስተማሪያችን ጽሑፌን ቆመው ካነበቡት ቀን ጀምሮ ማለቴ ነው። እዚህ ውጭ አገር፣ ኮሎምቢያ ሲቲ በሚባለው ሰፈራችን፣ የሐበሻ ሱቆች በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ሁሉ እያነበብኩ፣ «ይቺ ፊደል ተሳስታለች» እያልኩ እናቴን አሰለቻታለሁ። እሷ ግን ላገኘችው ሰው ሁሉ ስለ እኔ ታወራለች። አንድ ቀን ታዲያ ከጎረቤት ከተማ፣ ከዴ ሞይን፣ ስልክ ተደወለልኝ።

የደወለችው የእናቴ ወዳጅ ልጅ ናት። እናቷ አርፈው ቀብሩ በማግስቱ ነበር። ሬድመንድ ከተማ ኮምፒውተር ላይ የምትሠራ ትልቅ ሰው ብትሆንም እዚህ ስላደገች አማርኛ ትናገራለች እንጂ አትጽፍም።

«ፕሊስ፣ አባዬ ይንገርሽና የእማዬን የሕይወት ታሪክ አንቺ ጻፊልኝ። ቀብሩ ላይ አጎቴ ያነበዋል።»

ሰው ሞቶ እኔ ደስ አለኝ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፣ ግን እውነቱ ይኸው ነው። ላፕቶፔን በደረቴ አቅፌ ከእናቴ ጋር ለቅሶ ቤት ስገባ፣ ጸሐፊ ነበር የምመስለው ለራሴ።

ቤቱ ሞልቷል። የሟችን ባል ሁላችንም አባባ ነው የምንላቸው። ሰው በገባ ቁጥር ብድግ እያሉ ይሳማሉ፤ «እንዴት ሆና ነው?» ሲባሉ ከሆስፒታሉ ጀምረው ይናገራሉ። ሌላ ሰው ሲገባ እንደገና ከሆስፒታሉ። እኔን ሲያዩ፣ «ነዪ ልጄ፣ እዚህ አይሆንም» አሉና ደጅ ወደቆመችው የሚስታቸው መኪና ወሰዱኝ። እሳቸው ከሾፌሩ ጎን ባለው ወንበር ተቀመጡ። እኔ ከኋላ ሆንኩ። መሪው ጋ ማንም የለም።

ላፕቶፔ የአማርኛ ፊደል ስለሌለው የምጽፈው አንድ ድረ ገጽ ላይ ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል ስትመቱለት ወደ እኛ ፊደል ይለውጥላችኋል፤ ስትጨርሱ ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ቦታ ትወስዱታላችሁ። ለትምህርት ቤት የምጽፈው ሁሉ ራሱን በራሱ ስለሚያስቀምጥ፣ «ሴቭ አድርጊ» ሲሉኝ የድሮ ሰው ጭንቀት ይመስለኝ ነበር።

አባባ ስለ ሚስታቸው ልደትና ትምህርት ጥቂት ከነገሩኝ በኋላ ወደ መሪው ዞሩ። እሳቸው ኤርፖርት ሰው የሚያመላልሱ ሾፌር ነበሩ።

«እኔ መንዳት ላስተምራት ሞክሬ ተጣልተናል። መሪ ይዛ ትጸልያለች። ‹ወይ ንጂ ወይ ጸልዪ› ብላት ወርዳ በእግሯ ሄደች። ከዚያ ወዲያ አላነሳነውም። ለካ ተደብቃ ትማር ኖሯል! አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ መኪናዬ አልነሳ አለች። ሰው ላኪልኝ ብዬ ደወልኩላት። ቆይቶ አንዲት መኪና እየተንፏቀቀች መጣች። መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ‹ጌታዬ፣ ወዴት ልውሰድዎት?›»

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

«ቤት እስክንደርስ ወለሉን ስረግጥ ነው የሄድኩት፣ ፍሬን ስፈልግ!»

ከዚያ ሳቃቸው ወደ ለቅሶ ዞረ። እያለቀሱም፣ ባዶውን ወንበር እያዩ፣ አንድ ነገር ተናገሩ። በጣም ቆንጆ ነገር ነበር። ጣቶቼ እየመቱ ነው፣ ስክሪኑ ላይ ግን ፊደል የለም። ደርቋል። አንድ ሽማግሌ እያለቀሰ «አንዴ ይቆዩኝ» እንዴት ይባላል? አፍሬ መምታቴን ቀጠልኩ፤ እየተጻፈ እንዲመስላቸው።

«አገኘሽው?» አሉኝ ሲጨርሱ።

«አዎ አባባ።»

እሳቸው ወደ ቤት ሲገቡ ላፕቶፑን በግድ አጥፍቼ አበራሁት። ገጹ ተመልሶ ተከፈተ። ንጹሕ ነው። አንዲት ቃል የለችበትም።

ወደ ልጃቸው ሮጥኩ።

«ሴቭ አድርገሻል?»

«ራሱ የሚያደርግ መስሎኝ…»

«እዚህ ገጽ ላይ? ኦ ማይ ጋድ።» ጎንበስ ብላ ትንሽ ነካካችው። «ሶ፣ ይሄ ምንም አያስቀምጥም። ከተዘጋ ሄደ ማለት ነው።»

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቁጭ አድርጋ አሳየችኝ፦ አንድ አንቀጽ በጻፍኩ ቁጥር ኮፒ አድርጌ ራሱን በሚያስቀምጥ ሰነድ ላይ መለጠፍ፣ ከዚያ ወደ ስልኬም መላክ። የእናቷን የመጨረሻ ታሪክ ላጠፋች ልጅ እንደዚያ በቀስታ ስታስረዳ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ከትዝታዬ ልጽፈው አስቤ ነበር። እናቴ ግን ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን እያጠበች፣ «በሰው ሐዘን ላይ ከራስሽ እንዳትፈጥሪ። ሄደሽ ንገሪያቸው» አለችኝ።

ሳሎን ገባሁ። «አባባ፣ ይቅርታ… የጻፍኩት ጠፋብኝ።»

ቤቱ ሁሉ ሰማ።

«ወይ የዘንድሮ ልጅ! ሐዘን ላይ ሐዘን» አሉ አንዲት ሴትዮ።

«በእስክሪብቶ ቢጻፍ ኖሮ የት ይሄድ ነበር?» አለ የሟች ወንድም፣ አንባቢው።

አባባ አጠገባቸው ያለውን ወንበር አሳዩኝ። «ነዪ፣ ጻፊ።»

እዚያው ሰው መሀል ነገሩኝ። መቼ እንደተወለደች፣ የት እንደተማረች፣ መቼ እንደተጋቡ፣ ቤተ ክርስቲያን እንዴት እንዳገለገለች። በየመሀሉ ወንድሟ ያርማቸዋል፣ እሳቸውም «እሱ እንዳለው ጻፊ» ይላሉ። ኮፒ አደርጋለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ እልካለሁ። ሲጨርሱ አላስቻለኝም።

«የመኪናውስ ነገር፣ አባባ?»

«የምን መኪና?» አለ ወንድምየው። «የሕይወት ታሪክ እኮ ነው የምትጽፊው፣ ልጄ።»

አባባ አንገታቸውን ደፉ። እኔም ተውኩት። ታሪኩን አስታውሰዋለሁ፤ መጨረሻ ላይ የተናገሯትን ግን ደጋግሜ ብፈልጋት አልመጣ አለችኝ። ሐሳቧ አለ፣ ቃሏ የለም። ቃሏ ከሌለ ደግሞ ሌላ ነገር ናት።

በማግስቱ ወንድምየው ያንን ወረቀት በጥሩ ድምፅ አነበበው። አንድም ስሕተት የለውም። አንድም ቦታ ላይ እሷ የለችም። የማንም እናት ታሪክ ሊሆን ይችል ነበር።

ከቀብር መልስ ሰው ሁሉ ያመሰግነኝ ጀመር። «እጅሽ ይባረክ! እዚህ አድጋ እንዲህ ያለ አማርኛ!» ትናንት የተቆጡት ሴትዮ ሳይቀሩ ጉንጬን ሳሙኝ። እናቴ ደስ ብሏት ታየኛለች። እኔ ሳህኔን ይዤ መግቢያ ቀዳዳ አጣሁ። ትናንት ስሰደብ የተሰማኝ እፍረት ከዚህ ጋር ሲተያይ ምንም አልነበረም።

አባባ ጠሩኝና አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ያቺን የመጨረሻዋን አልጻፍሽም» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ጠፋችብኝ አባባ። ያኔ ስክሪኑ ደርቆ ነበር። ‹አገኘሁት› ያልኩዎት ውሸቴን ነው። ላቋርጥዎት አፍሬ ነው።»

«እኔም ሰው ሲበዛ ትጠፋብኛለች» አሉ።

«አሁን ቢነግሩኝስ? ስልኬ ላይ እጽፋታለሁ። ወዲያው ነው የምልካት።»

በር በኩል ሌላ ለቀስተኛ ገባ። አባባ ጉልበቴን ተደግፈው ብድግ አሉ፣ ተሳሳሙ፣ «እንዴት ሆና ነው?» ተባሉ፣ ከሆስፒታሉ ጀመሩ።