ከሮም ቪየና ከወንድሜ ጋር፦ አንድ ሰዓት ከሠላሳ አምስት ደቂቃ

ሐሙስ፣ ለቡ

ከለቡ መብራት ኃይል የተነሣሁት ታናሽ እህቴ ሰናይት ቪየና ላይ ልጇን ክርስትና ስለምታስነሣ ነው። ግን መጀመሪያ ሮም ወርጄ ወንድማችንን ዳንኤልን ይዤ መሄድ ነበረብኝ። ሁለቱ ከተኳረፉ ሁለት ዓመታቸው ነው። ሠርጓ ላይ «ሥራ አልተመቸኝም» ብሎ ቀረ፤ እሷም «ከአዲስ አበባ ድረስ ሰው ሲመጣ እሱ ከአፍንጫዬ ሥር ይቅር?» ብላ ስልኩን ዘጋችበት። የጨርቅ ሱቄን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ ወጣሁ። የሻንጣዬ ግማሹ በርበሬና ሽሮ ነው።

ዓርብ፣ ሮም

ዳንኤል ጠዋት ተቀበለኝና ከሚሠራበት ምግብ ቤት አጠገብ ቡና ጋበዘኝ። ቆሞ ለሚጠጣ አንድ ዩሮ ከሃያ ሳንቲም፣ ለሚቀመጥ ሦስት! «ከለቡ መጥቼ ቆሜ አልጠጣም» ብዬ ተቀመጥኩ። ቀኑን ሙሉ ከተማውን ሲያስጎበኘኝ ዋለ። ስለ ነገው በረራ ባነሣሁ ቁጥር ግን ወሬ ይቀይራል። አልሄድም ሊለኝ ነው ብዬ ሰጋሁ።

ቅዳሜ፣ ኤርፖርት

መሳፈሪያው በር ላይ ስንደርስ ዳንኤል ቁጭ አለ። ፊቱ በላብ ርሷል።

«እትዬ፣ አንቺ ሂጂ።»

«ምን ሆነህ ነው?»

«አውሮፕላን እፈራለሁ። ከአገር ስወጣ መንገድ ላይ ሲንጠን ያለቀልኝ መስሎኝ ነበር። ሠርጓ ላይም የቀረሁት ለዚህ ነው፤ በባቡር እንዳልሄድ ፈቃድ የሰጡኝ አንድ ቀን ብቻ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርካትም?»

«ወንድ ልጅ አውሮፕላን ፈራ ልበላት?»

ሳቄን ዋጥ አድርጌ አስረዳሁት። ቪየና በአየር ሰባት መቶ ስልሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመኪና ከአዲስ አበባ መቀሌ እንደማለት። በረራው ግን አንድ ሰዓት ከሠላሳ አምስት ደቂቃ። «በሥራ መውጫ ሰዓት ከለቡ መገናኛ በታክሲ ብትሄድ ይብስብሃል» አልኩና እጁን ይዤ አስገባሁት።

ዓይኑን ጨፍኖ አቡነ ዘበሰማያትን ይደጋግማል። ጣቴን ጨምቆ ሊሰብረው ደረሰ። በመስኮት በረዶ የለበሱ ተራሮች አየሁ፤ ብነግረውም አልገለጠም። ከጎናችን የነበሩ ፈረንጅ አሮጊት አዝነው ከረሜላ ሰጡት።

ቪየና

ሰናይት ሕፃኑን ታቅፋ፣ ፊቷን አጥቁራ ቆማለች። ዳንኤል ሰላም ሳይላት «ሰኒ፣ ሠርግሽ ላይ አውሮፕላን ፈርቼ ነው የቀረሁት» አላት።

«ምን?»

«ፈርቼ ነው።»

አፍጥጣ አየችው። «ታዲያ ሁለት ዓመት ያስለቀስከኝ ለዚህ ነው?» ብላ ሳቀች፤ እየሳቀች አለቀሰች። ከዚያ ሕፃኑን ክንዱ ላይ አስቀመጠችለት። እሑድ ክርስትናው ላይ ከሁሉም በላይ እስክስታ የወረደው እሱ ነበር።

ለቡ

ዳንኤል ወደ ሮም በባቡር ተመለሰ፤ እኔም በሰላም ቤቴ ገባሁ። ሁለት ዓመት በስልክ «ተው ታረቁ» እያልኩ ስለፈልፍ ኖሬ፣ አንድ ቀን እንኳ «እውነት ለምን ቀረህ?» ብዬ ረጋ ብዬ አልጠየቅኩትም ነበር። አሁን መምከር ቀነስ፣ መጠየቅ ጨመር አድርጌያለሁ።

ትናንት ደውሎ ለፋሲካ አዲስ አበባ መምጣት እንደሚፈልግ ነገረኝ።

«በረራው ግን ስድስት ሰዓት ተኩል ነው» አልኩት።



«እትዬ፣ መጥተሽ ውሰጂኛ!»