ዘመድም በተራው

ሁልጊዜ ጠዋት፣ ጀልባው ከመድረሱ በፊት፣ የባጃጇን የኋላ ወንበር በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች። የባሕሩ ነፋስ ሌሊቱን ሙሉ ጨው ሲያራግፍበት ያድራል፤ ካልጠረጉት እንግዳው ልብስ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል። የራሷን መቀመጫ አትነካውም። እሷ ለምዳዋለች።

ወደቡ ላይ "እትዬ ቀስ" ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ወጣቶቹ ሹፌሮች ናቸው፤ ኤሊ እንኳ ጡሩምባ ነፍታ አለፈቻት እያሉ ይስቁባታል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ባጃጁን የምትነዳው እሷ ናት። ልጇ አግብታ ባሕሩን ከተሻገረች ወዲህ ደግሞ ቤቷ ውስጥ ከሬዲዮው በቀር የሚናገር የለም።

ለእንግዶች የምትለው አንድ ነው፤ "ሚኒባሱ ካልሞላ አይነሳም። ብስክሌት እስከ ዳገቱ ድረስ ደግ ነው፤ ከዚያ በኋላ እናንተ ናችሁ የምትሸከሙት። በእግር ከሆነ ጀልባው ጥሏችሁ ይሄዳል። በባጃጅ ግን ደሴቲቱን ዞራችሁ ለምሳ ትደርሳላችሁ።" እንግዶቹ ይስቃሉ፣ ይሳፈራሉ፣ ከዚያ እርስ በርሳቸው ያወራሉ። እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ትሰማለች። ዓይን ለዓይን የማይወጣ ነገር ባጃጅ ውስጥ እንደሚወጣ የተማረችው እዚያ ነው።

ስለዚህ ልጇ ከባሏ ጋር ለአንድ ቀን እንደምትመጣ ስትደውልላት፣ የምትጠይቃትን ነገር እየነዳች ልትጠይቃት ወሰነች። ጥያቄው አጭር ነው፤ "እናንተ ጋ መጥቼ ልኑር?" ቤት ተቀምጣ፣ ፊት ለፊት እያየቻት አይወጣትም። ከዳገቱ በላይ ባለው ሜዳ፣ ሞተሩ ጩኸቱን ሲቀንስ፣ መንገዱን እያየች ትለዋለች።

በዚያ ቀን ሦስተኛ ተራ ደረሳት። ፊት የቆመው በፍጥነቱ "ጎርፍ" የሚሉት ሹፌር ነበር።

"እትዬ፣ ነይ እኔ ቦታ ቁሚ። ልጅሽ አይደለች እንዴ የምትመጣው?"

ባለፈው ክረምት ጎርፍ የአክስቱን ልጆች ያለተራው ጭኖ ሲነሳ መንገዱ መሃል ቆማ ያስወረደቻቸው እሷ ናት። "ዘመድም በተራው" የሚለው ደንብ የጸናው ያን ቀን ነው። ከጀልባው ቀድሞ የወረደ ፊት ባለው ባጃጅ ይሄዳል፤ መምረጥ የለም።

"አንተን ከልክዬ ለራሴ?"

"እኔ እኮ ይቅር ብያለሁ!"

"እኔ አላልኩም።"

ልጇ እናቷን ለማየት ቸኩላ ከሁሉም ቀድማ ወረደች። ባሏን እየጎተተች በቀጥታ ወደ ሦስተኛው ባጃጅ መጣች፤ ተቃቀፉ። እናትየዋ ግን የሹፌሮቹ ዓይን ጀርባዋ ላይ ተሰማት።

"ፊት ባለው ግቡ። ተራው የሱ ነው።"

"እማዬ፣ አትቀልጂ! ካንቺ ጋር ልንዞር አይደል የመጣነው? ተራሽ እስኪደርስ እንጠብቅሻለን።"

"እናንተ ከጠበቃችሁ ነገ ሁሉም እየቆመ ይመርጣል። ሂጂ፣ ስትመለሱ እንገናኛለን።"

ልጅቷ ባሏን አየችው። እሱ ትከሻውን ሰበቀ። ገቡ።

ለእሷ የደረሷት አንድ ሽማግሌና ሚስታቸው ነበሩ። መንገዱ አንድ ነው፤ ዳገቱን ስትጀምር የልጇ ቢጫ ሻርፕ ከፊት ሲውለበለብ አየችው። ነዳጅ ሰጠችው። ባጃጁ እየዘለለ ሲወጣ አሮጊቷ ብረቱን ይዘው ጮኹ።

"እህቴ፣ ልናይ ነው የመጣነው፤ ልንሞት አይደለም!"

ቀስ አለች። ሜዳው ላይ የጎርፍ ባጃጅ ቆሞ ነበር። ልጇና ባሏ ወርደው ወደ ባሕሩ እያዩ ያወራሉ። እሷ ሳትደርስ ተሳፍረው ሄዱ።

ስትመለስ ወደቡ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጠው ዳቦ ሲቆርሱ አገኘቻቸው። አጠገባቸው ቦታ ለቀቁላት፤ ከዳቦውም ቆርሰው ሰጧት። አማቿ ፊቱ በርቷል።

"እማማ፣ እንዴት ያለ ቦታ ነው! ስንት ወር የተጨቃጨቅንበትን ነገር እዚያ ሜዳ ላይ ጨረስነው።"

"ምኑን?"

ልጇ ፍርፋሪውን ከቀሚሷ ላይ አራገፈች። "ቤታችን ያለችውን ትርፍ ክፍል ነው፣ እማዬ። የሱ እናት ይግቡባት አልን። ብቻቸውን ናቸው፤ ደረጃውም ከብዷቸዋል።"

እናትየዋ እጇ ላይ ያለውን ዳቦ አየችው።

"ደግ አደረጋችሁ" አለች። ዳቦውን እየገመሰች፣ "ክፍሏ ፀሐይ ታገኛለች?"

"ጠዋት ጠዋት። አንቺስ፣ የምትፈልጊው ነገር የለም?"

"ምን ጎድሎኝ?"

ጀልባው ጮኸ። ልጇ ሦስት ጊዜ ሳመቻት፤ አማቿም ጎንበስ ብሎ ሳማት። በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ እናቱ አንድ ሻንጣና የልብስ ስፌት መኪናቸውን ይዘው እዚያች ክፍል ገቡ።