ራሱን የሚስተው ኮምፒውተር

ልጄ ሳንባዋን ታማ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ደብረ ማርቆስ ስትመለስ፣ እሷ ኮምፒውተሩን አንግታ፣ እኔ እሷን ደግፌ ነው ከመናኸሪያ ቤት የገባነው። ሐኪሞቹ ብርድ እንዳይነካት ብለውኛል። ስለዚህ የክፍሏን የላሜራ መስኮት ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁ፤ ስንጥቁንም በጨርቅ ወተፍኩት። ከጮቄ ተራራ የሚወርደውን ንፋስ አውቀዋለሁ፤ ደህናውን ሰው እንኳ ሳል ያስይዛል።

የመመረቂያ ጽሑፏ አላለቀም ነበር። መምህሯ "እስከ አርብ በኢንተርኔት ላኪልኝ፤ ካለፈ ግን ለከርሞ ነው" ብለዋታል። አንዱ ዓመት በሕመም አልፎባታል። ሌላ ዓመት ከተጨመረባት ሐሳቡ ራሱ መልሶ አልጋ ላይ ይጥላታል ብዬ እፈራ ነበር።

ኢንተርኔቱን የፈቀደላት ከአጥር ማዶ ያለው ጎረቤታችን ነው። ዋይፋይ ይሉታል፤ ሽቦ የለውም። እኔ ትምህርት ያቆምኩት ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው። መብራት በሽቦ፣ ውሃ በቧንቧ ሲመጣ አይቻለሁ፤ ይኼ በምን እንደሚመጣ ግን አልገባኝም። መጥቶም አይቆይ። "መጣ" ትለኛለች፤ ወጡን አማስዬ ስመለስ ጠፍቷል።

ኮምፒውተሩ ደግሞ ባሰ። እንዳይበርደው ብዬ አልጋዋ ላይ ጋቢ አጥፌ ከሥሩ አንጥፌለታለሁ። እየጻፈች ሳለ ድንገት ጭልም ይላል፤ ልክ ራሱን እንደሚስት ሰው። ስታስነሳው ይነሳል፤ ትንሽ ቆይቶ ይደግመዋል። ከጻፈችውም ይዞባት ይሄዳል። ያን ጊዜ ታለቅሳለች፤ ስታለቅስ ሳሉ ይነሳባታል።

ተሸክሜ ገበያው አጠገብ ወዳለው ጥገና ቤት ሄድኩ።

"ማዘር፣ ምን ሆነ?" አለኝ ጠጋኙ።

"ይደክመዋል።"

ሳቀ። ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ከፈተው። ተቀምጬ ስጠብቅ እኩለ ቀን ሆነ፤ አንዴም አልጠፋም። የሱቁንም ዋይፋይ እንደያዘ ዋለ።

"ይኼ ከእኔ ይሻላል፣ ጤነኛ ነው። ከፈለጉ ግን ፎርማት ላድርገው።"

"እሱ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ውስጡ ያለው ሁሉ ተጠርጎ እንደ አዲስ ይጀምራል።"

ከእጁ ነጥቄ ወጣሁ።

ቤት ገብቶ ጋቢው ላይ ትንሽ እንደቆየ ጨለመ። እንግዲህ ሱቅ ውስጥ ደህና ውሎ እኛ ዘንድ የሚታመም ከሆነ፣ ሕመሙ ያለው ቤታችን ነው ማለት ነው። ልጄንስ ሳሉ አልለቅ ያላት እዚሁ ቤት አይደለም? ሁለቱን ሳገናኝ አማተብኩ። ኀሙስ ጠዋት የንስሐ አባታችን መጥተው ቤቱ ላይ እንዲጸልዩልን ለመንኳቸው።

አባ ጎንበስ ብለው ገቡ፤ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ከአልጋው አጠገብ ተቀመጡ። ኮምፒውተሩ ልጄ ፊት በርቷል። ግራ ቀኝ አይተው ወደ እኔ ዞሩ።

"አንቺ ልጅ፣ ይኼን ቤት ምን አድርገሽ ነው እንዲህ ያፈንሽው? ትንፋሽ አጠረኝ እኮ።"

ብድግ አሉና ጨርቁን ነቅለው መስኮቱን ወለል አደረጉት።

"ኧረ አባ፣ ልጅቷን ብርድ..." ብዬ ሳልጨርስ፣ ልጄ "መጣ" አለች።

"ምኑ?"

"ዋይፋዩ። ሙሉ ነው፣ እማዬ።"

ወድቄ የአባን ጉልበት ሳምኩ። "ጸሎትዎ ደረሰልኝ" አልኳቸው።

"እኔ እኮ ገና መጽሐፌን ከማኅደሩ አላወጣሁም" አሉ።

ልጄ "እስቲ ዝጊው" አለችኝ። ዘጋሁ፤ ጠፋ። ከፈትኩ፤ መጣ። አባም ገርሟቸው ራሳቸው ሞከሩትና "በስተርጅና በረኛ አደረግሽን" ብለው ሳቁባት። "ላሜራው ነው የሚከለክለው" አለች ልጄ። እኔ ግን ግራ ገባኝ። ልጄን የሚገድላት በሚገባበት ቀዳዳ የሚያድናትም እንዴት ይገባል? ብዘጋው ዓመቷ፣ ብከፍተው ሳንባዋ።

"አልብሻት" አሉኝ አባ፣ ጸሎቱን አድርሰው ሲነሡ።

ያገኘሁትን ደረብኩላት። አልበቃ ሲለኝ ከኮምፒውተሩ ሥር ያለውንም ጋቢ ስቤ ትከሻዋ ላይ ጣልኩት፤ እሱን ባዶ ዱካ ላይ አስቀመጥኩት። ያን ቀን አልጨለመም። በነጋታውም አልጨለመ። ልጄ ሥሩን ዳሰሰችና፣

"ለካ በጋቢው ታፍኖ እየጋለ ነው የሚጠፋው፣ እማዬ" አለች።

"ሙቀት የሚጎዳው ፍጥረት ደግሞ አለ?" አልኳት። እሷ ወደ ጽሑፏ ተመልሳለች።

አርብ ከሰዓት ልትልክ ስትል በመስኮቱና በእሷ መካከል ገብቼ ጀርባዬን ለንፋሱ ሰጠሁ።

"እማዬ፣ ትንሽ ዞር በይ፤ ከለልሽው መሰለኝ።"

"አንቺን ነው የከለልኩት።"

"አውቃለሁ። ዞር በይልኝ።"

ዞር አልኩ። ንፋሱ ሄዶ ፊቷ ላይ ሲያርፍ አየሁት፤ ፀጉሯ ተነሣ። ዓይኗን ከኮምፒውተሩ አልነቀለችም። እኔም ከደረቷ አልነቀልኩም፤ ሳል እየጠበቅሁ።

"ደረሳቸው" አለችኝ በመጨረሻ፣ ትራሱን ተደግፋ።

ልዘጋ ስሄድ "ትንሽ ይቆይ፣ ደስ ይላል" አለች። እጄን መዝጊያው ላይ አድርጌ ቆምኩ። ሐኪሞቹን አሰብኩ፣ አባን አሰብኩ። ግማሹን ዘጋሁት።